በሩ ላይ የተቀረጸው ዓመት

ጥቅምት 5

ለአክስቴ፣ ቁጣዋም ፍቅሯም ልክ ለሌለው፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ባለፈው ደብዳቤሽ ሦስት ገጽ ሙሉ ስትቆጪኝ ትንፋሽሽ እንኳ አልተቆራረጠም፤ ይሄ የደህና ሰው ቁጣ ነው። እኔም ደህና ነኝ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም፤ ወሬው ጥሩ እስኪሆን እየጠበቅኩ ነበር። ጥሩ አልሆነም፤ ስለዚህ እንዳለ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ለጥያቄዎችሽ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ቤት አግኝቻለሁ፤ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፣ ቀን ቀን ወለሉ ከስፌት መኪናው ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። አይ፣ የማገባው ሰው አላገኘሁም፤ ሥራ በጀመርኩ በወሩ ማን ያገባል?

አሁን ወደ ክፍሌ። ሰባተኛ ቢ፣ አርባ ስድስት ልጆች፣ ታሪክና ኅብረተሰብ። የመጀመሪያውን ሳምንት አንቺ እንዳልሽኝ አስተማርኩ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ሞላሁት፣ እነሱም ገለበጡ። ሐሙስ ዕለት በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ልጅ እንቅልፍ ወስዶት አየሁ። ውሸት ከሆነ ይድፋኝ፣ ዓይኑ ተከድኖ እጁ ይጽፋል!

በማግስቱ ሰሌዳውን ሳልነካ "ሰኞ ዕለት በዕድሜ የሚበልጣችሁን አንድ ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ኑ" አልኳቸው። ሰኞ ክፍሉ ገበያ መሰለልሽ። የከሰል ካውያ መጣ። ሆዱ የወጣ ሬዲዮ መጣ። የትኛውንም በር የማይከፍት ቁልፍ መጣ። የሰፈሩ አናጢ የልጅ ልጅ ደግሞ የአያቷን ጥርስ በመሀረብ ጠቅልላ ከች አለች። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ማን ሠራው? መቼ? እንዴት አወቃችሁ? በሁለቱ ቶሎ ይስማማሉ፣ በሦስተኛው ይጣላሉ። "አባቴ ነግሮኝ" ያለ ሁሉ "አባትህንስ ማን ነገረው?" ይባላል።

በጥርሱ ጉዳይ ጩኸቱ ጣሪያ ሊነቅል ሲል ርዕሰ መምህሩ ገቡ። ልጆቹ "ደወል" ነው የሚሏቸው፤ ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ካለፈ ራሳቸው ሮጠው የሚደውሉ ሰው ናቸው። ጥርሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። ከዚያ ቢሮ አስጠሩኝ። የሙከራ ጊዜዬ ጥር ላይ ያበቃል፤ ቋሚ የምሆነው እሳቸው ቅጽ ሞልተው ከፈረሙልኝ ነው። "የልጆቹ ደብተር ባዶ ከሆነ የእኔም ቅጽ ባዶ ነው የሚሆነው" አሉኝ። አክስቴ፣ እኔ ይህችን ክፍል እፈልጋታለሁ። በሕይወቴ እንዲህ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር የለም። ምን ላድርግ?

ለምንዬሽ


ጥቅምት 17

ለለምንዬ፤

ስልክ ደውለሽ ነበር አለችኝ ጎረቤቴ። ጆሮዬና ስልክ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመት አለፋቸው፤ ጻፊልኝ እንጂ አትደውዪልኝ። ደብዳቤ ላይ ስቆጣ መሃል ገብተሽ አታቋርጪኝም።

እንግዲያው ልቆጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ሞልቻለሁ። ጥርስ ይዞ የመጣ ተማሪ አልነበረኝም፤ ጥርሱ የወለቀ እንጂ! ከእኔ ክፍል ሐኪም ወጥቷል፣ ዳኛ ወጥቷል፣ አንዷ እንዲያውም መርከብ ትነዳለች አሉ፤ ሁሉም ኖት ጽፈው ነው። ልጅ መጀመሪያ የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል። መሬቱን ሳትሰጪው "እንዴት አወቅክ?" ብትዪው በየት በኩል ይቁም? አንቺስ ብትሆኚ "ለምን? ለምን?" እያልሽ ቤቱን ያሰለቸሽው፣ ስሙም የወጣልሽ፣ መጀመሪያ እኛ መልስ ስለነበረን አይደል?

ደግሞ ቋሚ መሆን ቀልድ አይደለም። ሰውየው ሰሌዳ ይሞላ ካለ ሙዪለት። ሰሌዳ መሙላት እጅ ነው የሚያደክመው፤ ሥራ ማጣት ግን አንጀት ይበላል።

ይህ ርዕሰ መምህር ዕድሜው ስንት ይሆናል? የሚጽፈው በግራ እጁ ነው? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት። በሩስ፣ ያ የቆርቆሮ በር፣ ዛሬም ሲከፈት እንደተረገጠች ድመት ይጮኻል?

ጉልበቴ ደህና ነው፤ ደረጃ እስካላየ ድረስ። ለመሆኑ ለጥርሷ ስንት ሰጠሻት?

አክስትሽ


ጥቅምት 29

ለአክስቴ፤

ኧረ ቆይ! በሩ የቆርቆሮ እንደነበር በምን አወቅሽ? አሁን እኮ የብረት ነው። የንብረት ክፍሏን ኃላፊ ብጠይቃት "ድሮ የቆርቆሮ ነበር፤ ሲከፈት ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር" አለችኝ። ርዕሰ መምህሩም ግራኝ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ነው። ጠንቋይ ሆንሽ እንዴ?

ለጥርሷ ከአሥር ስምንት ሰጠኋት። አያቷን አፋቸውን አስከፍታ ጥርሱን ከክፍተቱ ጋር አስተያይታ መጥታለች። ሁለቱን የቀነስኩባት መቼ እንደወለቀ በሌላ ምስክር ስላላረጋገጠች ነው። አኩርፋኛለች።

ምክርሽን ግማሹን ተቀብያለሁ። አሥር ደቂቃ ኖት፣ ሠላሳ ደቂቃ ችሎት። አዎ፣ ችሎት! ክፍሉን ፍርድ ቤት አድርጌዋለሁ፤ ከሳሽ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ዳኛ አለ። ተከሳሹ ግን ሰው አይደለም፤ ከመጽሐፉ የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማስረጃ ከተገኘለት ነጻ ይወጣል። ካልተገኘለት "እስኪጣራ" ተብሎ ሰሌዳው ጥግ ላይ አራት ማዕዘን ተሠርቶ እዚያ ውስጥ ይታሰራል። ባለፈው ሳምንት "ከተማዋን ወንዙ ፈጠራት" የሚል ዓረፍተ ነገር በነጻ ተለቀቀ፤ ጠበቃው እንባ አውጥቶ ደንበኛውን ጨበጠ፣ ማለትም መጽሐፉን። እንቅልፋሙን ልጅ ታስታውሺዋለሽ? አሁን ዳኛው እሱ ነው። ማን ይተኛል!

ሌላ ወሬ። ትምህርት ቤቱ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሃምሳኛ ዓመቱን ያከብራል። በሩ ላይ በድንጋይ "በ62 ዓ.ም. ተመሠረተ" ተብሎ ተቀርጿል። ሦስት መቶ ቲሸርት ታዟል፤ መጋረጃ የሚያህል ጨርቅ ላይ "50" ተጽፏል። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው "የትምህርት ቤታችን ታሪክ" የምትል አንዲት ገጽ ሰጡኝ፤ ሰባተኛ ቢ በበዓሉ ዕለት በእንግዶች ፊት በቃሉ እንዲያነበንባት። ከየት እንደመጣች ማንም አያውቅም፤ ከመምህር ወደ መምህር ስትገለበጥ ኖራለች። እኔም መጀመሪያ ለችሎት ላቀርባት ነው። ምን ችግር አለው? የሳምንት ሥራ ናት፤ ነጻ ትወጣለች፣ ርዕሰ መምህሩም ደስ ይላቸዋል፣ ቅጹም ይሞላል።

ለምንዬሽ


ኅዳር 7

ለለምንዬ፤

ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው። ያቺን ገጽ ተያት። እንዳለች ያነብንቧት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ መጀመሪያ ይፈረምልሽ፣ ቋሚ ሁኚ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ዓረፍተ ነገር በካቴና እሰሪ። ለችሎት የሚሆን ነገር ከቸገረሽ ተራራ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ስለ ንግድ መንገድ ጠይቂያቸው።

ስለ በሩ ጠይቀሽኛል። ትምህርት ቤት ሁሉ በር አለው፣ የቆርቆሮ በር ሁሉ ይጮኻል። ስለ ግራ እጁም፣ ከሰው ግማሹ ግራኝ ነው። ምን ያስደንቃል?

ሹራብ እየሠራሁልሽ ነው። አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዝሟል፤ ለምን እንዳትዪኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 20

ለአክስቴ፤

ከሰው ግማሹ ግራኝ ነው? ሰባተኛ ቢ ይህንን ዓረፍተ ነገርሽን ቢያገኘው ዕድሜ ልክ ነበር የሚፈርድበት! አንድ ነገር ደብቀሽኛል፤ ግን ዛሬ የምከራከርበት ጉልበት የለኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ምክርሽን አልሰማሁም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ልጆቹ ጀምረውት ነበር።

የአናጢው የልጅ ልጅ ናት የጀመረችው። አያቷ የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ወንበሮች የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። "አያቴ ሥራውን ሲጨርስ ከሥር ቀኑን በመሮ ይቀርጻል" አለችን። ስምንት ልጆች ዕቃ ቤት ገብተው የተሰበሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ ገለበጡ፤ አፈር መስለው ወጡ። በሦስት ወንበር ሥር ተገኘ፦ "ነሐሴ 63"። በ62 የተከፈተ ትምህርት ቤት ልጆቹን አንድ ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ነው ያስቀመጠው? ጠበቃው "ወንበሩ ዘግይቶ ይሆናላ!" ብሎ ገጿን ተከላከለላት። ጥሩ መከላከያ ነበር፣ አስጨብጭበንለታል።

ከዚያ የንብረት ክፍሏ ኃላፊ፣ ቁልፎቿን እያንቃጨለች፣ የመጀመሪያውን የተማሪ መዝገብ ከቁም ሳጥን ሥር አወጣችልን። አንደኛ ክፍል፣ መስከረም 64። ከዚያ በፊት የተጻፈ አንድም ገጽ የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ይሄ አይደለም የሚያስደነግጠው። አሥራ ሰባተኛው ተራ ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን ከተመዘገቡት ልጆች መካከል፣ የርዕሰ መምህሩ ስም አለ። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው።

ልጆቹ በደስታ ጣሪያ ነኩ፤ "ምስክር ይጠሩልን!" አሉ። እኔ ግን "ቆዩ" አልኳቸው። ድንጋዩን ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ያስቀረጹት እሳቸው ናቸዋ! መዝገቡን ይዤ ብቻዬን ቢሮአቸው ገባሁ። ስማቸውን አዩ። ጣታቸውን ስሙ ላይ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ከዚያ መዝገቡን ዘጉትና "ይህ ነገር እዚህ ላይ ይቁም። እንግዶች ተጠርተዋል። ገጿ እንዳለች ካልተነበበች፣ ከጥር በኋላ ክፍል አትገቢም" አሉኝ። ሲናገሩ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እስኪ ንገሪኝ፣ በወንበር ሥር ተሳበው እውነቱን ያገኙ ልጆችን "ያያችሁትን እርሱት፣ የተጻፈውን አንብቡ" እንዴት ብዬ ልበላቸው? ካላልኳቸው ደግሞ ክፍሌን አጣለሁ። ሁለት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ያንን "62" ሳፈጥበት ነበር።

የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ገጿን በመጀመሪያ ያስጻፈች አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች አለችኝ፤ አንድ ዓመት ብቻ አስተምራ ሄዳለች፣ ስሟን የሚያስታውስ የለም። ያቺን ሴትዮ ባገኛት አንገቷን ይዤ "እንዴት አወቅሽ?" ነበር የምላት!

ለምንዬሽ


ኅዳር 27

ለለምንዬ፤

ያቺን ሴትዮ ባገኛት ብለሻል። አግኝተሻታል። ያሳደገችሽ እሷ ናት።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩትና በሦስተኛው መነጽሬን አውልቄ ቁጭ አልኩ። መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ስትጽፊልኝ ነው ያወቅኩት፤ አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ተያት" ስልሽ ስለ አንቺ ቋሚ መሆን ብቻ አልነበረም። ስለ ራሴም ነበር። ይቅር በይኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ የመጀመሪያ ሥራዬ። የዛሬ አርባ አራት ዓመት። በሁለተኛው ወር ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለ፤ የያኔው ርዕሰ መምህር "ልጆቹ የትምህርት ቤታቸውን ታሪክ ይወቁ" አለኝ። የተጻፈ ታሪክ የለም። "መቼ ተመሠረተ?" አልኩት። እሱም አዲስ ነበር፣ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ "ስልሳ ሁለት አካባቢ ይመስለኛል" አለኝ። ነገ አጣራለሁ ብዬ ወጣሁ። ነገ ክፍል ነበረኝ። "አካባቢ ይመስለኛል" ደግሞ ኖት ላይ አይጻፍም፤ ቢያንስ ያኔ የማስበው እንደዚያ ነበር። "በስልሳ ሁለት ዓመተ ምህረት ተመሠረተ፣ አራት ነጥብ" ብዬ አስጻፍኳቸው። ያንን አራት ነጥብ ስለው እንዴት ኩራት እንደተሰማኝ!

ከዚያ ፈተና መጣ። አምስተኛ ክፍል፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ አንድ ግራኝ ልጅ ነበር። ጆሮው ትልልቅ ነው። "ስልሳ አራት" ብሎ ጻፈ። በቀይ ኤክስ አደረግኩበት፣ ከአሥር ዘጠኝ። ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣና "መምህርት፣ እኔ እኮ መጀመሪያ ሲከፈት መጥቻለሁ" አለኝ። ምን ብዬ መለስኩለት መሰለሽ? "ያየኸውን አልጠየቅኩህም፤ ደብተርህ ላይ የጻፍከውን ነው የጠየቅኩህ።"

በሚቀጥለው ፈተና "ስልሳ ሁለት" ብሎ ጻፈ። ልክ ነው ብዬ ምልክት አደረግኩለት፤ ደስም አለኝ። ያ ደስታዬ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

ሰኔ ላይ የዚያች ተማሪሽ አያት፣ አናጢው፣ መስኮት ሊጠግኑ መጥተው በጨዋታ መሃል እውነቱን ነገሩኝ። ክፍሉ ተበትኖ ነበር፤ የዝውውር ደብዳቤዬም ኪሴ ውስጥ ነበር። የአንድ ዓመት ኖት ውሃ ይበላዋል ብዬ ሄድኩ። ውሃ ሳይሆን ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እና አሁን የምልሽን ስሚ። ለልጆቹ "ያያችሁትን እርሱት" እንዳትዪ። እኔ ብዬዋለሁ፤ አንዴ ይበቃል። ሁለተኛው ወረቀት የምስክርነት ቃሌ ነው፣ ፈርሜበታለሁ፤ ለእሱም አሳዪው፣ ለችሎትሽም አንብቢው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ ክፍልሽን ካጣሽ ቤቴ ቤትሽ ነው፣ የምንበላው አናጣም። ግን እንድታጪው አልፈልግም፤ ከእኔ የተሻልሽ አስተማሪ ነሽ። ይህንን ለማለት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 8

ለአክስቴ፤

አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። ሦስት ቀን። በመጀመሪያው ቀን ለልብስ ሰፊዋ ሁሉ አማሁሽ። በሁለተኛው ቀን ራሴን ጥግ ላይ "እስኪጣራ" ብዬ አሰርኩ፤ እኔስ በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳውን የሞላሁት ከየት አምጥቼ ነው? አጣርቼ ነው? በሦስተኛው ቀን "አራት ነጥብ ስለው ኩራት ተሰማኝ" ያልሽውን ደግሜ ሳነብ በሳቅ ፈነዳሁ። ይቅር ብዬሻለሁ። ሹራቡን ላኪ፣ እጅጌው ቢረዝምም እለብሰዋለሁ።

አሁን ያለሁበት ጭንቅ ይሄ ነው። ቃልሽን መጀመሪያ ለልጆቹ አላነበብኩም፤ ለርዕሰ መምህሩ ብቻ ሰጠኋቸው። አንድ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈን ነገር በአርባ ስድስት ልጅ ፊት መስማት የለበትም ብዬ ነው። ቆመው አነበቡት። ተቀምጠው ደገሙት። ከዚያ ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ ይኸው አራት ቀን አላናገሩኝም። ሰላምታዬን በአንገታቸው ነው የሚመልሱት። የክፍሌ መዝገብ ከእኔ ተወስዶ ቢሮአቸው ነው ያለው፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ልጆቹ ደግሞ አላረፉም። እኔን ሳይጠይቁ መጥሪያ ጽፈው፣ ከድንች በተቀረጸ ማኅተም አትመው፣ በበራቸው ሥር ሰደውላቸዋል፦ "ክቡር ምስክር፣ ዓርብ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ እንዲቀርቡ።" እኔ ያወቅኩት ከሰደዱት በኋላ ነው። ይመጣሉ ብለሽ ነው? ካልመጡስ? ከመጡስ?

ለምንዬሽ


ታኅሣሥ 15

ለአክስቴ፤

መጡ!

ክራባት አድርገው መጡ። ዳኛው ከድንጋጤው የተነሳ ብድግ አለ፤ "ዳኛ አይነሳም" ብለው ራሳቸው አስቀመጡት። ከሳሿ የአናጢው የልጅ ልጅ ናት። ወንበሩን ገልብጣ አሳየቻቸው፣ መዝገቡን አሳየቻቸው፣ ከዚያ "ክቡር ምስክር፣ ትምህርት ቤቱ መቼ ተከፈተ?" አለች። እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜ ጣቴን እየነከስኩ ነበር።

ወንበሩን አዩ፣ መዝገቡን አዩ። የመውጫው ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ደወል አልተደወለም፤ አንድም ልጅ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ "በስልሳ አራት" አሉ። "መስከረም ውስጥ፣ ሰኞ። እናቴ እጄን ይዛ አመጣችኝ፤ አልለቅም ብዬ አስቸገርኳት። ወንበሩ ቀለሙ አልደረቀም ነበርና የሁላችንም ቁምጣ አረንጓዴ ሆነ።" ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሳሿ ግን ማን ይምራል ብላ! "ታዲያ በሩ ላይ ስልሳ ሁለት ለምን አስቀረጹ?"

"ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አየሁት፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ፈተና ላይ ጻፍኩት፣ ልክ ነው ተባልኩ" አሉ። "እያደር የመጀመሪያውን ቀን ራሱን ተጠራጠርኩት። ሳድግ ልጅ ስለነበርኩ ነው የተሳሳትኩት አልኩ።" ከዚያ ኪሳቸው ገብተው ያንቺን ቃል አወጡና ራሳቸው አነበቡላቸው። "ያየኸውን አልጠየቅኩህም" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ፍርዱ፦ ገጿ ጥፋተኛ፣ አስጻፊዋ ግን "ራሷ ስለተናገረች" በማስጠንቀቂያ ታልፋለች። እንኳን ደስ ያለሽ! ድንጋዩ ይታረማል። ጨርቁ ላይ "48" ይሰፋበታል፤ ልብስ ሰፊዋ ጀምራዋለች፣ ወለሌ እየተንቀጠቀጠ ነው ይህንን የምጽፍልሽ። ቲሸርቱ ግን ታትሞ አልቋል። ሃምሳ የሚለው ከሥሩ "ሊሞላን ሁለት ዓመት ቀረን" ተብሎ ይጨመርበታል፤ ሐሳቡ የእንቅልፋሙ ዳኛ ነው።

እሰይ ልበል? ገና አልልም። ለእኔ አንዲት ቃል አልነገሩኝም። ቅጹም መዝገቡም ቢሮአቸው ነው። ዛሬ ቅዳሜ ዕጣዬን ልጠይቅ ብዬ ቤታቸው ብሄድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው ወጥተዋል አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ ለሚስታቸውም አልተናገሩም። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይሆን? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትዪኝ ነበር። እኔ ግን እስኪነጋ እንዴት ልቻለው?

ለምንዬሽ


ታኅሣሥ 16

ለለምንዬ፤

ይህንን በነገው የመጀመሪያ አውቶቡስ ሹፌር እጅ ነው የምልከው። ደብዳቤሽም ዛሬ በሹፌር እጅ ደረሰኝ። ወዴት እንደሄዱ አላውቅም ብለሻል። እኔ ጋ ነበር።

ትናንት ከምስክርነት ቃሌ ሥር የጻፍኩትን አድራሻ ይዞ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አልሰማሁም፤ ጎረቤቴ ናት ያስገባችው። ቀና ስል ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ደፉ ላይ ቆሟል። "መምህርት፣ መግባት ይቻላል?" አለኝ። በጆሮዎቹ ነው ያወቅኩት።

ያዘጋጀሁት የይቅርታ ንግግር ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ያለው። አንዱም አልመጣልኝም። "ልክ ነበርክ" ብቻ አልኩት። "ልክ ነበርክ ልጄ። ታውቅ ነበር።" ያ ትልቅ ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሻይ አፈላሁ፣ ከዚያ ስለ አረንጓዴው ቁምጣ እያወራን እስኪያመን ሳቅን።

አንድ ነገር ነገረኝ። "አስተማሪ የሆንኩት በእርስዎ ምክንያት ነው" አለኝ። እኔ ሞኟ ምስጋና መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል፣ "እንደዚያ ላላደርግ ማልኩ። በሦስተኛው ወር ረሳሁት። ሰሌዳ መሙላት ጀመርኩ፣ ደወል መደወል ጀመርኩ። ያቺ የእርስዎ ልጅ ጥርስ አስይዛ ስታንጫጫቸው የተናደድኩት ለዚያ ነው፤ የማልኩትን እሷ ስታደርገው አየሁ" አለኝ።

አሁን የምነግርሽን አልነገርኩሽም። አደራ ብሎኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ አንድ ነገር ደብቄሽ ምን እንደተከተለ አይተናል። ቅጹ ተሞልቷል። አይቼዋለሁ፣ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ በግራ እጁ ፈርሞበታል። ቋሚ ነሽ! ሰባተኛ ቢ ያንቺ ነው፤ መዝገቡን የወሰደው ከሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛንም ሊጨምርልሽ ስለፈለገ ነው። ሰኞ ሲነግርሽ እንደ አዲስ ደንግጪ። እልል ማለትም ከቻልሽ ደፍረሽ ልቀቂው፣ ልብስ ሰፊዋን ግን አታስደንግጪያት።

ሊሄድ ሲነሳ "ቁጭ በል" አልኩት። "ስለዚያ ሰኞ ንገረኝ፣ ከመጀመሪያው።" ወረቀት አመጣሁ። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። "ቀስ በል"፣ "ድገምልኝ"፣ "እዚህ ጋ አራት ነጥብ ነው ወይስ ይቀጥላል?" እያልኩት ሁለት ገጽ ሞላ። እናቱ ምን እንደለበሰች፣ ስንት ልጆች እንዳለቀሱ፣ መምህሩ መጀመሪያ ምን እንዳሉ፣ ሁሉም አለ። እጄን አመመኝ፤ ተማሪዎቼ ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ሲሆኑ እንደኖሩ ገና አሁን ገባኝ።

ሁለቱ ገጾች ከዚህ ጋር አሉልሽ። ለልጆቹ ስጪያቸው። ግን አደራ፣ ሳያጣሩ እንዳይቀበሉት። ተናጋሪው ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ የጸሐፊዋን ነገር ደግሞ ታውቂያለሽ።

አክስትሽ